ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ያለው እጅ

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ለልጄ ለጭረት፣

እንዴት ከርመሻል? የቤትሽን አድራሻ ስለማላውቅ የምጽፍልሽ በመጽሔትሽ ጀርባ ላይ ባለው የአንባቢያን አድራሻ ነው። ሌላ ሰው ከከፈተው እዚህ ላይ ያቁምና ለሠዓሊዋ ይስጥልኝ።

እኛ አለን። የእናትሽ ግራ ዓይን ጠፍቷል፤ ቀኙም ጥላ ጥላውን ብቻ ነው የሚያሳያት። እኔም ሥራ ካቆምኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ጉልበቴ ደረጃ እንቢ ስላለ ምድር ላይ ያለች ክፍል ተከራይተናል። ዕድሜዬን ሙሉ ፎቅ ላይ ስሠራ ኖሬ አሁን በመስኮት የማየው የሰው ጫማ ነው።

የምትስያትን ግራጫዋን ከመጀመሪያው ቁጥር ጀምሮ አንድም አላመለጠችኝም። ጋዜጣ ሻጩ ወር በመጣ ቁጥር ይቀልድብኛል።

«ጋሼ፣ ይቺን የምትበር ሴትዮ ዛሬም ለልጅ ልጅዎ ነው?»

«አዎ።»

«ይሄ ልጅ አያድግም እንዴ? ሁለት ዓመት ሙሉ ያው ነው!»

«እንዳንተ ነው። ዕድሜ እንጂ ሌላ ነገር አይጨምርም።»

ሃያ ሦስተኛውን ቁጥር አራት ጊዜ አነበብኩት። አስተያየት ስጡ ብላችኋልና ልስጥ። ዝናቡ ጥሩ ነው፤ ሳየው ቀዝቅዞኛል። የብረት መወጣጫው ግን ስህተት አለበት። አግዳሚዎቹ ከቋሚዎቹ ጋር የሚታሰሩት በውስጥ በኩል ነው፤ አንቺ ወደ ውጭ አውጥተሻቸዋል። እንዲህ የሚያስር ሠራተኛ እኔ ዘንድ አንድ ቀን አይውልም ነበር። ፎርማኑንም ዝናብ ላይ ቆሞ ሲያዝ ስለሽዋል። ፎርማን በዝናብ አይወጣም፤ ስልክ ነው የሚደውለው።

ወደ ታሪኩ ልምጣ። ሽማግሌው ሠራተኛ በአንድ እጁ ብረቱን፣ በሌላው ልጁን ይዞ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ተንጠልጥሏል። ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ልጁን የያዘበት እጅ ይከፈታል። ግራጫዋ ዘግይታ ትደርሳለች፤ ሽማግሌውን ታየዋለች፤ አንድ ቃል ሳትናገር በርራ ትሄዳለች። እሱ እንደተንጠለጠለ ቁጥሩ ያልቃል። ከጀርባ ተቆርጦ የሚላክ ወረቀት አለ፦ «ተመልሳ ታድነው? ወይስ ትተወው?»

ጋዜጣ ሻጩም አንብቦታል። «ትተወው!» አለኝ። «ልጁን የለቀቀ ሰው ምን ያደርግላታል?» መልሴን ተቀብዬ ሄድኩ።

ስምንት ዓመት ሆነው። ወንድምሽን በቀበርን በሦስተኛው ቀን ሻንጣሽን ይዘሽ ስትወጪ ምንም አልጠየቅሽኝም። ብትጠይቂኝ ለመርማሪዎቹ ያልኩትን እልሽ ነበር፤ ጓንቴ ርሶ ነበር፣ እጁ አሟልጮኝ ወጣ። እነሱም ጻፉት፤ እኔም ፈረምኩ። እናትሽ ያንን ጓንት አጥባ፣ በላስቲክ ጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። እንቅልፍ እንዳጣሁ ስታውቅ ታወጣውና «ጥፋቱ የዚህ ነው፣ ያንተ አይደለም» ትለኛለች። እኔም መልሼ እጠቀልለዋለሁ።

አንቺ ሽማግሌውን ያለ ጓንት፣ ባዶ እጁን ስለሽዋል።

መጀመሪያ ማን ነገራት አልኩ። እዚያ ላይ ከእኔና ከወንድምሽ በቀር ሰው አልነበረም። በኋላ ትዝ አለኝ። የቀብሩ ዕለት ማታ መዳፎቼን በሞቀ ውኃ ያጠብሽልኝ፣ የዛገውን ብረት ስብርባሪ በመርፌ ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ። ጓንት ያደረገ ሰው መዳፉ አይላጥም። ያኔ ቀና ብለሽ አይተሽኝ ነበር። ጨርቁን ጨምቀሽ ማጠብሽን ቀጠልሽ።

ትናንት እናትሽ «አራት ጊዜ የምታገላብጠው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«አንድ ሽማግሌ ተንጠልጥሏል።»

«የት?»

«ሥዕሉ ላይ። ይዳን ወይስ ይተው እያሉ ይጠይቃሉ።»

«ይሄ ደግሞ ይጠየቃል? ሰው ተንጠልጥሎ ያድራል እንዴ? ያውርዱት እንጂ!»

እስኪርቢቶውን አስያዝኳትና ጣቷን «ታድነው» ከሚለው ሣጥን ላይ አኖርኩላት። ምልክቱ ከሣጥኑ ትንሽ ወጥቷል፤ ግን ይነበባል። ሰውየው ማን እንደሆነ አልነገርኳትም። አፌን ከፍቼ ነበር፤ እሷ ግን ራቱን ልታሞቅ ተነሣች። ለአንድ ቅጂ አንድ ድምፅ ስለሚል ፖስታው ውስጥ ያለው የእሷ ነው። እኔ ምልክት አላደረግኩም።

መጥተሽ የምትነግሪያት ከሆነ በሩን እከፍትልሻለሁ። በሚቀጥለው ቁጥር ሰውየውን ብትጥዪውም ገዝቼ አነበዋለሁ።

ዓይንሽን ይጠብቅልሽ። እጅሽ አይዛል።

አባትሽ

ይቺን ረስቼ ነበር፦ አግዳሚዎቹን ወደ ውስጥ መልሻቸው። እጁን ግን አትንኪው። ልክ ነው።