በግድግዳው ስንጥቅ የተወተፈው ፊደል

ሰኞ

ተገኘብኝ። የጆርጂያን ፊደል የተለማመድኩበት ወረቀት። የእንጅባራ ብርድ አላስተኛ ቢለኝ ጠቅልዬ በግድግዳው ስንጥቅ ወትፌው ነበር። ከስንጥቁ ወዲያ የአከራዬ የእትዬ ጥሩዬ ልጅ፣ የአምስት ዓመቷ ማስተዋል ትተኛለች። ከቅዳሜ ጀምሮ ያተኩሳታል።

የያዝኳቸውን ፊደላት በጥቁር፣ ያልያዝኳቸውን በቀይ እጽፋለሁ። የተጠቀለለ ወረቀት፣ ቀይና ጥቁር ቀለም፣ ማንም የማያነበው ጽሕፈት። እኔስ ባገኘው ድግምት አልለው ነበር?

እትዬ ጥሩዬ ከስንጥቁ መዘው አሳዩኝና በሁለት ጣት ይዘውት ወጡ። ምነው በተሳደቡ!

ማክሰኞ

ማመልከቻ ስተይብ ጣቴ ይስታል። ጣጣው የመጣው ከዚሁ ከመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝ አርመን፣ ኮሪያ፣ ጆርጂያ እያልኩ ፊደል መልቀም ሱስ ሆነብኝ።

ስመለስ እትዬና ሁለት ጎረቤቶች በአውኚ ያወራሉ። ሲያዩኝ ተበተኑ። የዓለምን ፊደል እለቅማለሁ፤ የአከራዬን ቋንቋ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አላውቅም።

ፊደል የምለቅምበትን ደብተሬን ላቃጥለው? ጭሱን ቢያዩስ?

ረቡዕ

ማስተዋል ምግብ እምቢ ብላለች። ጤና ጣቢያ አልወሰዷትም። «ድግምት ላይ መርፌ ካረፈ ይገድላል» ሲሉ እትዬን በአማርኛ ሰማኋቸው። የኔ ወረቀት ልጅቷን ሊገድላት ነው!

እቤታቸው ገባሁ። «እትዬ፣ የሰው አገር ሀ ሁ ነው» አልኩ። ስልኬን አሳየኋቸው፤ አላዩትም። «ያሰርሽውን ፍችልኝ፣ ልጄ» ብለው እግሬ ላይ ሊወድቁ ጎንበስ አሉ።

አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ እሺ አልኩ። «መፍቻውን አንገቷ ላይ ካሰርነው መርፌው አይጎዳትም። አሁኑኑ ጤና ጣቢያ እንሂድ።» በጆርጂያ ፊደል ስሟን ብቻ ጻፍኩ፣ በቀይ። ባጃጅ ጠራን።

ብትሞት፣ ድግምቱ የኔ ነው ብዬ በገዛ አፌ አምኛለሁ።

ሐሙስ

የሳንባ ምች ነው። «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ» አለች ነርሷ፤ አልጨረሰችውም። ሥራ አልገባሁም። ስታስል እቆጥራለሁ።

ዓርብ

ትኩሳቱ በረደ። አጥሚት ጠጣች። ተመስገን! አለቀስኩ።

እትዬ ጥሩዬ መርፌውን ረስተው ወረቀቱን ሳሙት። እውነቱን ልናገር ብዬ ተነሣሁ፤ የአጥሚቱን ኩባያ ይዤ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ የማላውቃት ሴት ከጥሊሊ ከተማ መጣች። «ድግምት ፈችዋ አንቺ ነሽ?» አለችኝ። ባሏ ደም ያስለዋል፤ ጤና ጣቢያ አልሄድም ብሏል። አይደለሁም ልላት ነበር። አይደለሁም ብላት ማን ይወስደዋል?

ስሙን ጠየቅኋት። ቀዩን እስክሪብቶ አነሣሁ።