በታሸገው ክፍል ውስጥ ስለቀረው ዘጠነኛ ገጽ

ለአካባቢው የማኅበራት ምዝገባና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ረቡዕ 9/6

ጉዳዩ፦ ከታሸገው የረቡዕ በጎ ፈቃድ ክበብ መዝገብ ላይ አንድ መስመር እንዲነበብልኝ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

ይህ ለጽሕፈት ቤትዎ የማቀርበው አራተኛ ማመልከቻ ነው። ለቀደሙት ሦስቱ ያገኘሁት መልስ ሌላ ማመልከቻ እንድጽፍ የሚል ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ አንድን ነገር አራት ጊዜ ማስረዳት አይከብደኝም። ጊዜው ግን እያለቀ በመሆኑ በዚህኛው ብዙውን ነገር ትቼ ጥያቄዬን ወደ አንድ መስመር አሳንሻለሁ። ፍሬ ነገሩን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1. ክበባችን ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት በየሳምንቱ ረቡዕ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በሕንፃዎ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ባለችው ክፍል ሲሰበሰብ ቆይቷል። አብዛኞቻችን ጡረተኞች ነን። ሊቀመንበራችን አዋላጅ የነበሩ ሴት ናቸው፤ እኔ ጸሐፊ ነኝ። ሥራችን ብቻቸውን የሚኖሩና ከቤት መውጣት ያቃታቸውን ሰዎች መጠየቅ ነው፤ መድኃኒት እናመጣለን፣ አምፖል እንቀይራለን፣ ደብዳቤ እናነባለን፣ የሚሠራ ከሌለ ቁጭ ብለን እናወራለን። ለዚህ የሚያስፈልገውን በዓመት ሁለት ጊዜ አሮጌ ልብስ ሰብስበን፣ ጠግነንና ተኩሰን በሕንፃው በር ላይ በመሸጥ እናገኝ ነበር። በመጨረሻው ሽያጭ የገዛነው ባለ ጎማ ወንበርም አብሮ ታሽጓል። ስለ እሱ ዛሬ አልጠይቅም።

2. የልብሱን ጥገና የሚመራው ልብስ ሰፊው አባላችን ነበር። ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ስለሚሰፋ «ድርብ» እንለው ነበር። «ድርብ፣ ይሄ እኮ ወለል መወልወያ ነው የሚሆነው» ሲሉት «ቢሆንስ፣ ሲወለወልበት ይተርተር?» ይላል። ሰኞ ሰኞ እኔ ቤት ብቅ ይል ነበር፤ አንድ ቀን መቀሴን ረስቼ እንደሆነ ብሎ፣ ሌላ ቀን ይህን ደብዳቤ አንብብልኝ ብሎ። ማንበብ አሳምሮ ይችል ነበር። ይህን የጠቀስኩት በተራ ቁጥር 10 ስለሚያስፈልግ ነው።

3. የመዝገባችንን አሠራር ማስረዳት ይኖርብኛል፤ የተዘጋነው በእሱ ነውና። እያንዳንዱ አባል አንድ ገጽ አለው። የሚጠይቃቸውን ቤቶች በገጹ ላይ በራሱ እጅ ይጽፋል። ገጹን ሌላ ሰው አያነበውም፤ እኔም ጭምር። የሰው ገመና ነው፤ ማን አልጋ ላይ እንደዋለ፣ ማንን ልጆቹ እንደረሱት በስብሰባ አይነገርም። ስም ሲጠራ አባሉ ቁጥሩን ብቻ ያሰማል፦ «ሦስት ቤት፣ ሁሉም ደህና።» አባል ሲሞት ስሙ ወዲያው አይሰረዝም። በሚቀጥለው ረቡዕ ይጠራል፤ ሊቀመንበሯ ስለ እሱ ይመልሳሉ፤ ቤቶቹን የሚረከብ ሰው እጁን ያወጣል፤ ገጹም ለእሱ ይከፈትለታል። ስሙ የሚሰረዘው ከዚያ በኋላ ነው።

4. ይህን ደንብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ የአውቶቡስ ሹፌር አባላችን ሲሞት፣ በቀብሩ ማግሥት ስሙን በማስመሪያና በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩ። መዝገብ ንጹሕ መሆን አለበት ብዬ ነው። ገጹን ያየው ሰው አልነበረም። ሹፌሩ ከሚጠይቃቸው አንዷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ነበሩ። በስድስተኛው ቀን በራቸው ተሰብሮ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍም። ከዚያ ወዲህ ቀይ እስክሪብቶ ገዝቼ አላውቅም።

5. ድርብ ያረፈው ከስምንት ሳምንት በፊት ዓርብ ነው፤ ቅዳሜ ቀበርነው። በሚቀጥለው ረቡዕ የጽሕፈት ቤትዎ ተቆጣጣሪ ሳይነግሩን መጥተው ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። ትሑት ወጣት ናቸው፤ ቅሬታዬ በእሳቸው ላይ አይደለም። ተራ ቁጥር ዘጠኝ ላይ ስደርስ የድርብን ስም ጠራሁ። ሊቀመንበሯ «ሁለት ቤት፣ ያልተረከበ» አሉ። ተቆጣጣሪው «ይቅርታ፣ ሰውዬው ራሳቸውስ የት አሉ?» ሲሉ፣ አባላችን ፀጉር አስተካካዩ «ቅዳሜ ቀብረነው መጣን እኮ፣ የኔ ወንድም፤ የዛሬን እንኳ ይማሩት» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሳቃችን በተቆጣጣሪው ሪፖርት ላይ ሰፍሯል። ስብሰባው እዚያው ላይ ተቋረጠ። እርሳሴን ምልክት አድርጌ ዘጠነኛው ገጽ ላይ እንዳስገባሁት መዝገቡን ዘጋሁት፤ ገጹን ያነበበ ሰው የለም።

6. በማግሥቱ በሩ ታሸገ። የደረሰን ደብዳቤ ክበቡ «የሞተ ሰው በሕይወት እንዳለ አስመስሎ በመጥራት የአባላቱን ቁጥር አሟልቷል» ይላል። ደንቡ አሥራ አምስት አባል ይጠይቃል፤ ድርብ ሲቀነስ አሥራ አራት ነን። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ አልከራከርም። ቁጥር ለመሙላት ብለን ግን አልጠራነውም።

7. ከዚያ በኋላ መስኮት ሦስት ላይ «የፈረሰ ክበብ ማመልከቻ አያቀርብም፤ በግልዎ ያምጡት» ተባልኩ። በግሌ አመጣሁ። መስኮት አምስት ላይ «መዝገቡ የክበብ ንብረት ነው፤ ለግለሰብ አይታይም» ተባልኩ። ሁለቱም መልሶች ለየብቻ ትክክል ናቸው። የመስኮት አምስቷ ሠራተኛ «አባባ፣ ለአንድ ደብተር ይሄን ያህል መንገላታት?» አለችኝ፤ አዝናልኝ ነው። ነገሩ የሰው ነው ስላት «እንግዲያው የሰውየውን ስም ይጻፉልኝ» አለች። ስሙን ባውቀው ኖሮ እሷ ዘንድ አልሄድም ነበር። በመጨረሻ ንብረቱን የሚረከበው አጣሪ ኮሚቴ ሲሰበሰብ ጉዳዬ እንደሚታይ ተነገረኝ። ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተጠርቶ፣ የተገኘው ሰው ቁጥር ስላልሞላ ሳይሰበሰብ ቀርቷል። ይህን የጻፍኩት ለማሾፍ አይደለም።

8. መዝገቡ በጓሮ በኩል በክፍሉ መስታወት ይታያል። ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሰማያዊ ሽፋን፣ ከመስታወቱ ሁለት እርምጃ የማይሞላ ርቀት። የእርሳሴ ጫፍ ከገጾቹ መካከል ብቅ እንዳለ ነው። የሕንፃው ጥበቃ «መምህር፣ ዛሬም ሊጠይቁት መጡ? አይዞዎት፣ እግር የለው የት ይሄዳል!» ይለኛል። ማኅተሙን ቀደድ ያድርግልኝ ብዬ አልለመንኩትም። የልጆች አባት ነው።

9. እስከዚያው ሁለቱን ቤቶች በራሴ ስፈልግ ቆየሁ። የድርብን ባለቤት ጠየቅሁ፤ «መምህርዬ፣ እሱ የሰው ቤት ወሬ ይዞልኝ ገብቶ ያውቃል?» አሉኝ። ሰፈሩን በመንገድ በመንገድ ከፋፍዬ፣ በቀን አንድ መንገድ ማንኳኳት ጀመርኩ። በአራተኛው ሳምንት አንዲት የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ፣ ድርብ በየሳምንቱ ሐሙስ የልብ መድኃኒት የሚወስድላቸው ሰው እንዳሉ ነገረችኝ፤ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ የሚኖሩ፣ ቀለም ቀቢ የነበሩ ሽማግሌ። ያኔውኑ ሄድኩ። በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ጎረቤታቸው ልብስ እያሰጣች «ከልብስ ሰፊው ጋር ነዎት? እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ? ሐሙስ ሐሙስ በሩን ገርበብ አድርገው ሲጠብቁ፣ ሲጠብቁ… ባለፈው ሳምንት በቃሬዛ ወሰዷቸው» አለችኝ። ወዴት እንደሆነ አላወቀችም። ሁለት ሆስፒታል ሄድኩ። በሁለተኛው ሆስፒታል መዝገብ ላይ አገኘኋቸው። በስማቸው ላይ መስመር ተሰምሮበታል።

10. የቀረው አንድ ቤት ነው። እዚህ ላይ ለመጻፍ የሚያሳፍረኝን ነገር መግለጽ አለብኝ፤ ሳልገልጽ ማመልከቻው ሙሉ አይሆንም። ድርብ ለእያንዳንዱ ቤት የራሱ ቀን ነበረው። ሐሙስ የቀለም ቀቢው ነው። ሰኞ ደግሞ እኔ ቤት ይመጣ ነበር። መምጣት የጀመረው ባለቤቴ ባረፈች በሁለተኛው ወር ነው። የኮሪደሬን አምፖል የቀየረው እሱ ነው። በላህ ወይ ብሎ ሳይጠይቀኝ ድስቱን ከፍቶ አይቶ ይከድናል። ለወዳጅነት ነው ብዬ ነበር። ረቡዕ ስሙን ስጠራ «ሁለት ቤት፣ ሁሉም ደህና» የሚለው ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ነበር፤ ይህን ያስተዋልኩት አሁን ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው ቤት የኔ ሊሆን ይችላል። የኔ ከሆነ የሚጠብቅ ሰው የለም፤ እነዚህን ሰኞዎች ብቻዬን ያሳለፍኩት እኔ ነኝ፣ ጉዳዩም እዚህ ላይ ያበቃል። የኔ ካልሆነ ግን አንድ ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ መጠበቅ ከጀመረ ይኸው ስምንተኛ ሳምንቱ ነው። የትኛው እንደሆነ ከዚያ ገጽ በቀር የሚነግረኝ የለም።

11. ከላይ በተዘረዘረው መሠረት የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። ክበቡ እንዲከፈት አልጠይቅም፤ ረቡዕ መሰብሰቢያ ካጣን ወዲህ ሰዉ ተበትኗል፣ ማን የማንን ቤት እንደተወ የሚያውቅም የለም። ክፍሉ እንዲመለስልን አልጠይቅም። መዝገቡን በእጄ ልንካ አልልም። የጽሕፈት ቤትዎ ሰው ገብቶ፣ እርሳሱ ባለበት ከፍቶ፣ የዘጠነኛውን ገጽ ሁለት መስመሮች ያንብብ። ከቀለም ቀቢው ሌላ የተጻፈው የኔ አድራሻ ከሆነ «አዎ» ብቻ ተብሎ ይጻፍልኝ። ሌላ ከሆነ አድራሻው በዚህ ማመልከቻ ጀርባ ይገልበጥልኝ፤ ጀርባውን ባዶ የተውኩት ለዚህ ነው። ለማመሳከር እንዲመች የኔን አድራሻ ከታች አስፍሬያለሁ። ዝምታ ግን መልስ እንዳይሆንብኝ እማጸናለሁ፤ ዝም ከተባልኩ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ መለየት አልችልምና።

መልስ ይመጣል ብዬ ተስፋ ማድረግ ትቻለሁ። የምጽፈው የጸሐፊነት ሥራዬ ስላልተጠናቀቀ ነው። መልእክተኛ ቢላክ ሰኞ ሰኞ ቤት አለሁ። በሌሎቹ ቀናት ሰው ቤት እያንኳኳሁ ነኝ፤ ያልደረስኩባቸው አሥራ ሰባት መንገዶች ቀርተውኛል፣ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም።

የከበረ ሰላምታዬን ከዚህ ወረቀት ጋር አያይዣለሁ።

(ፊርማ)
የቀድሞው የረቡዕ በጎ ፈቃድ ክበብ ጸሐፊ፣ ጡረተኛ መምህር
አድራሻ፦ ከአሮጌው ማተሚያ ቤት ፊት ለፊት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ በስተግራ ያለው በር
በመዝገቡ ተራ ቁጥር 4፤ ሦስት ቤት፣ ሁሉም ደህና