ራሕመትን ለቢታ ገነት፣ ተሾመችን ለደካ ያካፈለው ውሳኔ

የካቲት 27 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ለገሰ
የልዩ ችሎታ ባለቤቶች ምደባና ሥርጭት ዴስክ ኃላፊ
ቦንጋ

ትናንት ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ተሾመች ወልደ ጊዮርጊስ ወደ ደካ፣ ራሕመት ሱሩር ደግሞ ወደ ቢታ ገነት ከመጋቢት 8 ቀን ጀምሮ እንዲዛወሩ የሚያዝ፣ በእርስዎ ፊርማ የወጣ ደብዳቤ ለሁለቱም ደርሷቸዋል።

ክቡር ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ እጅዎ ሲገባ እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎ፣ የዴስክዎ ባልደረቦች፣ እንዲሁም ካለፈው ሳምንት ጀምሮ በቢሮዎ መስኮት ላይ የተገጠመው ወፍራም የብረት ፍርግርግ በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ እተማመናለሁ።

ጉዳዩን እንደ እርስዎ ጠልቀው ለማያውቁ አንባብያን ጥቂት ላስረዳ። ሁለቱንም ከልጅነታቸው ጀምሮ ስለማውቃቸውና አንቺ ስለምላቸው፣ እዚህም እንደዚያው እጠራቸዋለሁ። ራሕመት ከገበያው በላይ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ጭነት የሞላ አይሱዙ በትከሻዋ ታነሣለች። ተሾመች በእርስዎ መዝገብ ቤት ፋይል ታስራለች፤ ቆዳዋን ስለት አይበሳውም። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ሁለቱ ከሰባ ሜትር በላይ እስካልተራራቁ ድረስ ብቻ ነው። ሰባ የሚለውን ቁጥር ያገኘሁት ከእርስዎው ዴስክ ነው። በ2004 ዓ.ም. ባለሙያዎችዎ ሁለቱን ኳስ ሜዳ ወስደው፣ ሜትር ዘርግተው ለክተዋል፤ ሰባ አንደኛው ሜትር ላይ ራሕመት በአንድ እጇ ይዛው የነበረው የበቆሎ ኩንታል ሜትሩን በያዘው ባለሙያ እግር ላይ ወድቋል። ውጤቱ በማኅተም ተረጋግጦ በፋይል ተቀምጧል። ፋይሉ ከጠፋብዎ ያሰረችው ተሾመች ስለሆነች፣ እስከ መጋቢት 7 ድረስ ልትፈልግልዎ ትችላለች።

ከዚህ ቀጥሎ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. በደብዳቤዎ የመጀመሪያ አንቀጽ የቅዳሜ የካቲት 1ን ምሽት «ከዕቅድ ውጭ የተካሄደ ስምሪት» ብለውታል። ለትክክለኛ አገላለጽዎ አመሰግናለሁ፤ በእርግጥ ከዕቅድ ውጭ ነበር። ዕቅዱ ዓሳ መብላት ነበር።

ጓደኛሞቹ አብረው ከወጡ አራት ወር አልፏቸው ነበር። ነነዌ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ለብሰውና ተኳኩለው ሻፊ ዓሳ ቤት ገቡ። የአንዷ ቤት ሥጋ ለሌላዋ ስለማይበላ፣ ሁለቱ በአንድ ገበታ መቀመጥ ከጀመሩ አንሥቶ የሚበሉት ዓሳ ነው። ራሕመት አዲስ ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጋ ነበር፤ ተሾመች ስለ አረማመዷ ስትቀልድባት እኔ ከነበርኩበት ሦስተኛው ጠረጴዛ ድረስ ይሰማ ነበር።

ሎሚው ዓሳው ላይ እየተጨመቀ ሳለ፣ ከበሩ ውጭ ዘበኛው ጋሽ አባተ «ማነህ? ቁም» ሲሉ ሰማን። ሌላ ቃል አልሰማንም። አንድ አውሬ አጥሩን ጥሶ ሲገባ ጋሽ አባተ ከወገባቸው በላይ ከአፉ ውጭ ነበሩ፤ እጃቸው ዱላቸውን አልለቀቀም። ራሱን ሁለት ጊዜ ወዘወዘ፤ ከዚያ በኋላ ያየነው ዱላውን ብቻ ነው። በማግሥቱ ለቀብር የተገኘው ኮፍያቸውና አንድ ጫማቸው መሆኑን ለሪፖርትዎ እንዲረዳ እገልጻለሁ።

አውሬው ከቆርቆሮው ጣሪያ ይረዝማል፤ ቆዳው እንደ አሮጌ ግንድ ልጥ የተሰነጣጠቀ ነው፤ አፉ የሚከፈተው ወደ ጎን ነው፤ ስድስት እግር አለው። እኔ ያየሁት ከጠረጴዛ ሥር ስለሆነ፣ ስለ እግሮቹ ቁጥር በፍጹም እርግጠኝነት እመሰክራለሁ።

ራሕመት ጫማዋን እያወለቀች «አንድ ቀን ብንወጣ» አለች። ተሾመች እጇን በሶፍት ጠርጋ «እኔ በአፉ በኩል ነኝ፤ አንቺ እግሩን» ብላ ተነሣች። ራሕመት የብረቱን በር ከማጠፊያው ስትነቅለው ሻፊ ከባንኮኒው ሥር ሆኖ «ራሕመት፣ እሱን ተይልኝ፣ ትናንት ነው ያስቀባሁት» ሲል ለመናት። «ቀለሙን አልነካብህም» ብላ በበሩ ጠርዝ የአውሬውን የፊት ጉልበት መታችው። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጣ። ደሙ ጥቁርና ትኩስ ነበር፤ ግድግዳውን፣ ዓሳውን፣ እኛንም አለበሰን። ተሾመች በተሰበረው እግር ላይ ተንጠልጥላ አንገቱ ላይ ወጣችና ቀኝ እጇን እስከ ክርኗ ድረስ ዓይኑ ውስጥ ከተተች። ስትመዘው ዓይኑ አብሮ ወጣ። ራሕመት ሁለተኛውን ጉልበት ስትሰብር የሚቀጠቀጥ ድንጋይ ድምፅ ነበረው።

እስከዚህ ድረስ ምሽቱ መልካም እየሄደ ነበር።

ከዚያ አውሬው ጅራቱን ሲያወናጭፍ የወጥ ቤቱ ግድግዳ ከነጣሪያው ወራጅ ራሕመት ላይ ወደቀ፤ እሱ ደግሞ ከአንገቱ የወደቀችውን ተሾመችን ከግራ ክንዷ ነክሶ፣ በቀሩት አራት እግሮች ቁልቁል ወደ ረግረጉ ሮጠ። መጀመሪያ ጥርሱ ቆዳዋ ላይ ይንሸራተት ነበር፤ «ራሕመት፣ ቶሎ በይ፣ አፉ ይሸታል» እያለች ስትጮኽ ሁላችንም ሰምተናል፤ አንድ አስተናጋጅ እንዲያውም ሳቀ። ከዓሳ ቤቱ እስከ መንገዱ ኩርባ ያለውን ርቀት በማግሥቱ ለክቼዋለሁ፤ ሰማንያ አራት ሜትር ነው። ኩርባው ላይ ደርሶ ሊበላት ሲቆም የሰማነው ድምፅ ሌላ ነበር። ተሾመች በሕመም ስትጮኽ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም፤ ታማ አታውቅምና። በዚያው ቅጽበት ራሕመት በአንድ ክንዷ ደግፋ ወደ ላይ እያነሣችው የነበረው ወራጅ ከብዷት ደረቷ ላይ ተመለሰ። አሁን ከሥሩ ያለችው አንዲት ጨርቅ ሻጭ ብቻ ነበረች።

ወራጁን ያነሣነው ሻፊ፣ ሁለት አስተናጋጆችና እኔ ነን። ማናችንም ልዩ ችሎታ የለንም፤ ሻፊ እንዲያውም ወገቡን ያመዋል። ራሕመት ከሥር ስትወጣ የጎን አጥንቷ ተሰብሮ ነበር። በባዶ እግሯ በተሰባበረ ጠርሙስ ላይ ቁልቁል ሮጠች። ጨረቃ ስለነበረች በግልጽ አየኋት፤ ደም እየረገጠች፣ እያነከሰች፣ እንደ ማንኛውም ሰው እያለከለከች ጥቂት ሄደች፤ ከዚያ አንዱን እርምጃ እያነከሰች ጀምራው ሳታነክስ ጨረሰችው። ሰባው ሜትር ውስጥ ገብታ ነበር። በመንገዱ ዳር የነበረውን የመብራት ምሰሶ ከሥሩ ነቅላ በአውሬው አንገት አስገባችው፤ በወዲያኛው በኩል ወጥቶ መሬት ውስጥ ተተከለ። ተሾመች ከመንጋጋው መካከል ሆና በቀረላት እጅ የግራውን ከቀኙ እስከ ጆሮው ድረስ ሰነጠቀችው። ከዚያ በኋላ አውሬው ለረጅም ጊዜ ተንፈራግጦ ሞተ።

የተሾመች ግራ እጅ ከክርኗ በታች የለም። የተወሰደው በዚያች ከሰባ እስከ ሰማንያ አራት ባለችው አሥራ አራት ሜትር ውስጥ ነው። ሆስፒታል ስትደርስ የሐኪሙ መርፌ አልገባ ስላለ፣ ራሕመት ከግቢው ወጥታ እንድትርቅ ተጠየቀች። ደሟ እየፈሰሰ ከመንገዱ ማዶ ሄዳ ተቀመጠች፤ ጓደኛዋ ተሰፍታ እስክታልቅ ከዚያ አልተነሣችም። ክቡርነትዎ ይህችን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ቢያነቧት ደስ ይለኛል።

2. ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሆስፒታል ድረስ ኮሚቴ ልከው ሁለቱ ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ስላመቻቹላቸው የከተማው ሕዝብ ባለውለታዎ ነው። ሕሙማን ለመጠየቅ ገብቼ ስለነበር ከፊሉን ሰምቻለሁ። ራሕመት «ጥፋቴ መጀመሪያ ምሰሶውን ትቼ የሻፊን በር መንቀሌ ነው» አለች። ተሾመች ደግሞ «እጄን ያለ ደረሰኝ አስረክቤያለሁ፤ ለወደፊቱ አስፈርሜ እሰጣለሁ» አለች። ቃለ ጉባኤውን የያዘው ወጣት ጎንበስ ብሎ «ሠራተኛዋ ስህተታቸውን ተቀብለዋል» ብሎ ጻፈ። ቃለ ጉባኤው ፋይል እንዲደረግ ወደ መዝገብ ቤት ተልኳል። ተሾመች በአንድ እጇ አስራዋለች።

3. ወደ ዋናው ቁም ነገር ልመለስ። በደብዳቤዎ «ሁለት ባለ ልዩ ችሎታዎች በአንድ ከተማ መከማቸታቸው ከፍትሃዊ ሥርጭት መርሕ ጋር የሚጋጭ በመሆኑ» ይላሉ። መርሑን ማንም አይቃወምም። ደካ ያለችበት የጌሻና ቢታ ገነት ያለችበት የቢታ ወረዳ ሕዝብ እንደ ቦንጋ ሕዝብ ሥጋና ደም ነው፤ ደኑም ከእነርሱ ደጅ ይጀምራል። ጠባቂ ይገባቸዋል ብለው ያመለከቱትም በሙሉ መብታቸው ነው። ነገር ግን በደካና በቢታ ገነት መካከል ያለው ርቀት ከሰባ ሜትር እንደሚበልጥ በታላቅ አክብሮት አሳውቅዎታለሁ። በእርስዎ ሥርጭት መሠረት ደካ የሚደርሳት አንድ እጅ ያላት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ቢታ ገነት የሚደርሳት ጎኗ ገና ያልጠገነ ጨርቅ ሻጭ ናት፤ ለቦንጋ የሚቀርላት እርስዎ ነዎት። ሦስቱም በእኩል ተጠቃሚ መሆናቸውን ልክድ አልችልም።

ራሕመት የመንግሥት ሠራተኛ ስላልሆነች እንዴት ትዛወራለች ብለው የጠየቁ የዋሆች ነበሩ። የንግድ ፈቃዷ ወደ ቢታ ገነት እንዲዛወር በማድረግ ጨርቁም፣ ሱቁም፣ ሴትዮዋም አብረው የሚሄዱበትን ብልሃት ስላገኙ አደንቅዎታለሁ።

ሁለቱ ትናንት ማታውኑ ባስገቡት ይግባኝ፣ አብረው እስከተላኩ ድረስ በየወሩ ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው ለመዞር ፈቃደኛ መሆናቸውን በጽሑፍ አስታውቀዋል። ማመልከቻው አንድ ገጽ ነው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር «ብቻችንን አትላኩን፤ ብቻችንን ሰዎች ነን» ይላል። ለዚህ የእርስዎ ዴስክ በቃል የሰጠው መልስ፣ የተዘጋጀው ፎርማት ለአንድ ቦታ አንድ ስም ብቻ የሚቀበል መሆኑን ነው።

4. አውሬው ብቻውን አልነበረም። ባለፈው ሰኞ በረግረጉ ዳር፣ ወደ ዋጫ በሚወስደው መንገድ አጠገብ፣ የስድስት እግር ዱካ ተገኝቷል። እኔም ሄጄ አይቼዋለሁ፤ አንዱ ዱካ ከፊተኛው አውሬ ዱካ በአንድ ስንዝር ይሰፋል። እዚያው ሦስት በሬዎች ከአንገታቸው በታች ተበልተው፣ ራሶቻቸው ብቻ በአንድ መስመር ተቀምጠው ነበር። ቀበሌው በዚያኑ ዕለት ለዴስክዎ ጽፏል። እርስዎም በዚያኑ ዕለት «ለሚመለከተው ይመራ» ብለው መርተውታል። በወረቀቱ ላይ ቀን ጽፋ ማኅተም ያደረገችበት ተሾመች ናት። የሚመለከተው ማን እንደሆነ ከእርሷ የተሻለ የሚያውቅ እንደሌለ ነግራኛለች፤ ከዚያም ወረቀቱን ወደ ጎን አስቀምጣ ወደ ሌላው ፋይል ዞረች።

ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው የሁለቱን ይግባኝ ለማየት ሐሙስ መጋቢት 4 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እንዲቀመጥ መወሰንዎን ከማስታወቂያ ሰሌዳው አንብቤያለሁ። እስከዚያ ድረስ ሁለቱ ሥራቸው ላይ ናቸው። ራሕመት የሱቋን ዕቃ ጠቅልላ አልጨረሰችም፤ ተሾመችም ብርድ ልብስና ድስት አልገዛችም። በዚያ ቀን የሚወሰነው የሁለት ሴቶች የሥራ ቦታ ብቻ አለመሆኑን፣ በመጋቢት 8 በሁለት የተለያዩ መኪናዎች የሚሳፈሩት ለሁለት የተለያዩ ቀብሮች ሊሆን እንደሚችል ኮሚቴው ያጣዋል ብዬ አልገምትም። ከገመትኩም በጽሑፍ አላሰፍረውም።

ለሥርጭት ፍትሃዊነት ያለዎት ጽኑ ፍቅር ሳይቀንስ፣ ሜትር ለማንበብ ያለዎት ትዕግሥት ግን በጥቂቱ እንዲጨምር እየተመኘሁ፣ ለጊዜዎ፣ ለፊርማዎና ለመስኮትዎ ካለኝ ከፍ ያለ አክብሮት ጋር፣

ትሑት ተገልጋይዎ
ቀጸላ ገብረ ሥላሴ
ከቦንጋ

ግልባጭ፦
ለሻፊ ዓሳ ቤት፣ ግድግዳው እንደገና ሲቆም እንዲለጠፍ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ዛሬ ከዴስክዎ ለሁለቱ የወጣ ሌላ ደብዳቤ ራሕመት አሳየችኝ። «ከወቅታዊው የጸጥታ ስጋት አንጻር የኮሚቴውን አባላት ደኅንነት ለመጠበቅ» ሲባል፣ መጋቢት 4 ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ስብሰባው እስኪያበቃ ድረስ፣ ራሕመትና ተሾመች በአዳራሹ በር ላይ «ጎን ለጎን፣ ለአፍታም ሳይለያዩ» እንዲቆሙ ያዛል። ፊርማው የእርስዎ ነው። ሁለቱም እንደሚገኙ አስታውቀዋል። ኮሚቴው ውሳኔውን በዚያው ዕለት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በዚያው በር ወጥቶ ይነግራቸዋል ተብሎ ይጠበቃል።