ተነጋግረን የተጣላነው ጠብ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለደመላሽ፣ ካለህበት ዱባይ።

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጀርባህ እንዴት ነው? ቀኝ ትከሻህ ተሻለው ወይስ እንዲሁ እንዳበጠ ነው? አንገትህስ? የሌላ ሰው እናት «ደህና ነህ ወይ» ብላ ታልፋለች። የኔ ልጅ ግን ሰው እንዲደሰትበት የሚወድቅ ስለሆነ አጥንትህን ለየብቻ እጠይቃለሁ። እኔ ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ላሚቱ ወልዳለች። ገብሱም ውርጭ ካልመታው ዘንድሮ መልካም ነው።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ ስልኩን የምትደውልልኝ የጎረቤት ልጅ እድላዊት አጠገቤ ቆማ ስለምትሰማ ነው። አንተም ዘንድ ድምፄ ለክፍሉ ሁሉ ይሰማል። በስተርጅና ፊደል መቁጠሬን ሰው ሲስቅበት ኖሯል፤ ይኸው ዛሬ ጠቀመኝ። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ታገሰኝ። የአጎትህ ልጅ ምሥራቅ ለሥራ ወደዚያ ስለምትመጣ በእጇ ልኬዋለሁ።

ክረምቱ ሲወጣ ደውለህ ያልከኝን አትረሳውም። በምትታገሉበት አዳራሽ የሚሰበሰበው አብዛኛው የአገራችን ሰው ነው፣ ግማሹም የጎጃም ልጅ ነው አልከኝ። ሰው የሚመጣው አንተና አንሙት ደመኞች ናችሁ ስለተባለ እንደሆነ፣ በአንድ ክፍል እያደራችሁ ከአንድ ትሪ እንደምትበሉ ከታወቀ ግን ነገሩ እንደሚፈርስ ነገርከኝ። «እምዬ፣ ከአንሙት እናት ጋር ገበያ ላይ አብራችሁ አትታዩ። እንዲያውም ትንሽ ተጣሉ፤ ወሬው እዚህ ይደርሳል፣ አለቃችንም ደስ ይለዋል» አልከኝ። የሰው አገር እንጀራ እንዲህ ከሆነ ብዬ እሺ አልኩ።

ሥራነሽም ይህንኑ ከልጇ ከአንሙት ሰምታ መጣች። መጀመሪያ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከልጅነታችን ጀምሮ ክፉ ቃል ተለዋውጠን የማናውቅ ሰዎች ምን ብለን እንጣላ? በሁለታችን ጓሮ መካከል ባለችው በር ቁጭ ብለን ተነጋገርን። እኔ «የልጅሽ እጅ ይሰበር» ልል፣ እሷ «የልጅሽ ጉልበት ቄጤማ ነው» ልትል፣ ከዚያ እኔ ተቆጥቼ ልሄድ፣ ወደ ቤት ስንመለስም በጓሮው በር ተገናኝተን ልንስቅ።

ረቡዕ ገበያው ሲሞላ፣ ከሽንኩርት ሻጮቹ ዘንድ ጀመርኩ። የኔን አልኩ። እሷ ግን የተነጋገርነውን ትታ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ጡትሽ ደርቆ ልጅሽን ያጠባሁት እኔ አይደለሁም ወይ? የአንሙቴን ትራፊ ነው የጠጣው! ትራፊ ጠጥቶ ያደገ እንዴት አይወድቅ!» አለች። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። አንዱ በግ ነጋዴማ «እሜቴ፣ ለኔስ ትንሽ ትራፊ የለዎትም?» አላት። እሷም ሳቀች።

አንተን ወልጄ ታምሜ በተኛሁ ጊዜ ሥራነሽ ሁለታችሁንም እንዳጠባች ታውቃለህ። ከሁለታችን ቤት ወጥቶ የማያውቅ ነገር ነበር። ያን ጊዜ ያለችኝ እንደዚህ አልነበረም። «መጀመሪያ ደመላሽን አጠባለሁ፣ እሱ እንግዳ ነው» ነበር ያለችኝ። ጠቡን ተነጋግረናል፤ ይህን ግን አልተነጋገርንም።

በጓሮው በር ጠበቅኋት፤ አልመጣችም። እኔም አልሄድኩም፤ የሚሄደው የተሰደበ አይደለም። አሁን በሩ ላይ ሣማ በቅሎበታል። ሰው ሁሉ «አበጀሽ፣ ምን ያለችው ባለጌ ናት» እያለ ሊያጽናናኝ ይመጣል፤ እሷ ስትሰደብ እየሰማሁ ዝም እላለሁ። ጨዋታ ነበር እንዳልል ያንተ እንጀራ አለበት። የነፍስ አባታችን አባ ገዳሙ ሽማግሌ ላኩ። ሽማግሌ የጠቡን ምክንያት ይጠይቃል፤ ምን ልበል? መለስኳቸው። አሁን ደግሞ ስሜ ሽማግሌ መላሽ ሆነ። ከላሚቱ በቀር የማጫውተው የለኝም፤ እሷም ከወለደች ወዲህ ለጥጃዋ ነች።

ብቻዬን ስቀመጥ ያንተን ነገር አወጣለሁ፣ አወርዳለሁ። እድላዊት የትግላችሁን ምስል በስልክ አሳይታኝ አንሙት ከራሱ በላይ አንስቶ ሲጥልህ አየሁ። «ውሸት ነው እምዬ፣ መውደቁን ተነጋግረናል» ትለኛለህ። መውደቁን አምኛለሁ። የእጁን ክብደትስ ተነጋግራችኋል? ትከሻህ ያበጠው በውሸት ነው? ልብስ በምትቀይሩበት ክፍል አንሙት ከአለቃችሁ ጋር ሻይ እየጠጣ፣ የሚረታውም የሚወድቀውም እዚያው ተቆርጦ ያልቃል አልከኝ። «አንሙት ስለኔ በጎ ይናገራል፤ ደመላሽ ይችለዋል፣ ጀርባው ጠንካራ ነው ይላል» ብለህ ደስ እያለህ ነገርከኝ። ልጄ፣ አህያ ሲሸጥም የሚባለው ይኸው ነው። አንሙት ለፋሲካ ትረታለህ ብሎህ ነበር። ፋሲካም አለፈ፣ ክረምቱም አለፈ።

አንሙት ክፉ ነው አላልኩም። ሥራው እንዲገኝልህ ያደረገ እሱ ነው። ሥራነሽም ክፉ አልነበረችም። ነገር ግን ሰው ጠላት ሁን ተብሎ ሲፈቀድለት ከልቡ ጥግ አንድ ነገር ፈልጎ አያጣም። እኔም ብፈልግ አላጣም ነበር።

አሁን የሚካኤል ማኅበር ደርሷል። ባለፈው ወር ተራው የሥራነሽ ነበር፣ የዚህ ወር የኔ ነው። እንደ ደንቡ ጽዋውን በማኅበርተኛው ፊት ከእጇ መቀበል ነበረብኝ። አልሄድኩም፤ ጽዋው እሷ ቤት ቀረ። አባ ገዳሙ «በሌላ ሰው ላስመጣልሽ?» ቢሉኝ እንቢ አልኩ። ጽዋ ከእጅ ወደ እጅ ነው። ጠላው ተጠምቋል።

እሑድ፣ በዋዜማው፣ ከቅዳሴ መልስ ሰው መንገዱን ሲሞላው ሄጄ አንኳኳለሁ። በጓሮ አይደለም፣ በፊት ለፊቱ በር ነው። ያለ ሽማግሌ ከፍታ ጽዋውን በእጇ ከሰጠችኝ፣ ጠቡ ውሸት እንደነበር አገር ያውቃል፤ ወሬውም አንተ ዘንድ ይደርሳል። አለቃህ ቢያባርርህ ቤትህ አለ፣ ገብሱም አለ። ካልከፈተችልኝ ደግሞ ምስጢራችሁ ደህና ነው፤ ያን ጊዜ ጠቡ እውነት ነበር ማለት ነው። አትቆጣኝ ልጄ። አንተ ሳትልክልኝም ኖሬያለሁ፤ ያለሷ መኖር ግን ይኸው ገና መጀመሬ ነው፣ አልቻልኩትም።

እህትህ ዓይናዲስ ከነልጆቿ ከደብረ ኤልያስ ሰላም ትልሃለች። እድላዊት «አንድ ቀን እንኳ ይጣለው በዪልኝ» ብላሃለች። አብሯችሁ ለሚያድረው ለፈቃዱ፣ ትከሻህን በሞቀ ውሃ ለሚይዝልህ፣ እናት ሆኜ እመርቀዋለሁ። አንሙትን ለብቻው ሳምልኝ። ሁለታችሁ አንድ ጡት ነው የጠባችሁት በለው፤ መጣሉ ካልቀረ እጁን ቀለል ያድርገው።

እናትህ ጥሩብርሃን
ሮብ ገበያ፣ ኅዳር 7 ቀን 2015 ዓ.ም.