ሐጂና ማርዎቶ አንድ ሰው ናቸው

ይድረስ ለምሳሳልሽ እናቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? የምታስታምሚያቸውን አባባ ሊንን ከአልጋ ስታነሺያቸው የሚያምሽ ቦታ እውነት ተሻለው ወይስ እኛ እንዳንጨነቅ ነው «ደህና ነኝ» የምትዪው? እዚያ ሰው አገር፣ ታይቹንግ ብርዱ ገባ? የላክንልሽ የመታሻ ዘይት ደረሰሽ? ባለፈው ስታስዪ ሰምቼሻለሁና እንዳትዋሺኝ። እኛ አልሃምዱሊላህ፣ ከአንቺ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብንም። አያቴም ደህና ናት፤ ዛሬ ጠዋት ከጎረቤት ጋር በዶሮ ተጣልታ ከሰዓት ታርቃለች።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትዪ። ይህን ወሬ በስልክ ብጀምርልሽ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እከተልሻለሁ፣ ነገሩ ሳይነገር ሰዓቱ ያልቃል። ስለዚህ አረፍ ብለሽ ከመጀመሪያው አንብቢው።

እንደምታውቂው ዩኒቨርሲቲያችን ጥናቱን በውጭ አገር መጽሔት ያላሳተመን ሰው ለዶክትሬት አያስመርቅም። አንቺ ደግሞ ለተጨማሪ ሦስት ዓመት ሥራ የምትፈርሚበት የውል ወረቀት በዚህ ወር መጨረሻ እንደሚቀርብልሽ፣ የእኔ ነገር እስከዚያ ካልለየለት እንደምትፈርሚ ነግረሽኛል። ያን ቀን «እሺ እማዬ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ሌላ ሦስት ዓመት! ከዚያ ወዲህ እህል ሲቀርብልኝ እንኳ የሚታየኝ ያ ወረቀት ነበር።

ጥናቴ እኮ አልተነቀፈም። ጉጉቶች የሩዝ ማሳ አይጥ እንደሚቀንሱ ያሳየሁበትን ሥራ ገምጋሚዎቹ ወደውታል። ጣጣው ያለው ከኋላው፣ የዋቢዎቹ ዝርዝር ላይ ነበር። ዋቢ እንግዲህ ምስክር ነው፤ ይህን የወሰድኩት እገሌ በዚህ ዓመት፣ በዚህ ገጽ ከጻፈው ነው ብለሽ ታሰፍሪያለሽ። የሰው ስም እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ዓመቱ በቅንፍ እንደሚገባ፣ የመጽሔቱ ስም ፊደሉ እንደሚያዘነብል፣ ለሁሉም ሕግ አለው፤ ሕጉም ከመጽሔት መጽሔት ይለያያል። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ያለ ቦታዋ ከተገኘች መልሰው ይልኩልሻል። እኔ ላይ ሁለቴ መለሱብኝ። ጠረጴዛ የምትጋራኝ ሩክሚ «አንቺ ልጅ፣ አይጥ አይጥ ስትዪ ነጥብና ሰረዝ በልተው ጨረሱሽ!» እያለች ስታሾፍብኝ ከረመች።

በሦስተኛው ግን ሳቅ የለም። የመጽሔቱ አርታኢ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፤ ከዋቢዎችሽ መካከል ሐጂ የተባለው ጸሐፊ ማርዎቶ የተባለውን ሰው ሥራ ስሙን ሳይጠቅስ የቀዳ ይመስላል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካላስረዳሽ ጽሑፉን አንቀበልም። እማዬ፣ ሐጂም ማርዎቶም የእኔው አማካሪ ፕሮፌሰር ማርዎቶ ናቸው! እንደ ብዙ ሰዎቻችን ስማቸው አንድ ብቻ ነው። ዋቢ የሚደረድረው የኮምፒውተር ፕሮግራም ደግሞ የራስና የቤተሰብ ስም ካላገኘ እንቅልፍ አይወስደውም። መካ ደርሰው ከተመለሱ ወዲህ በሚጽፉት ሁሉ ላይ «ሐጂ ማርዎቶ» ስለሚሉ፣ ፊት የቆመችውን ሐጂን የቤተሰብ ስም አድርጎ፣ የድሮ ሥራቸውን ከጻፈው ማርዎቶ ሌላ ሰው ፈጠረላቸው። አንዱ ሰውዬ ለሁለት ተከፈለና አንዱ የሌላውን ሲሰርቅ ተያዘ።

ታዲያ ሐጂ የሚለውን አትሰርዢውም ነበር ትዪኝ ይሆናል። ግን አጎቴ ዳርሞ ልጁን ሲድር የጥሪ ወረቀቱ ላይ ከጎረቤቱ ስም ያቺ ቃል ስለቀረች ብቻ ሰውዬው እስከ ዛሬ ሰላም እንደማይለው አንቺው ታውቂያለሽ። ሩክሚም ሰምታ «ሰውዬውን ከመካ ልታስመልሻቸው ነው? በይ እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም!» ብላ ሹልክ አለች።

ከዐስር ሶላት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። በረንዳ ላይ የወፎቻቸውን ቤት እያጸዱ ነበር። እንደ ወጉ ስለ ወፎቹ ጠየቅሁ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቅሁ፣ ስለ ልጆቻቸው ጠየቅሁ፤ ሻዩ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ እንደ ምንም ብዬ «ፕሮፌሰር፣ ከዝርዝሩ ላይ ሐጂ የምትለዋን ብናነሳትስ?» አልኩ። ፊታቸው ጠቆረ። «ሐጂነቴን መጽሔት አልሰጠኝም፣ መጽሔትም አይነጥቀኝም። እንዳለ ይሂድ!» አሉና ጀርባቸውን ሰጡኝ። የአርታኢዋን ደብዳቤ ላሳያቸው አልፈለግሁም ነበር። ትልቅ ሰው ሌባ የተባለበት ወረቀት እንዴት በእጁ ይሰጠዋል? ግን አንቺ ብዕር ይዘሽ ስታጎነብሺ ታየሽኝ። አወጣሁና በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው።

አነበቡት። ደግመው አነበቡት። እኔ መሬት መሬቱን እያየሁ ፋቲሃ እቀራለሁ። «እኔ ሌባ?» አሉ። «ያውም የማርዎቶን? ያ ሰነፍ ምን የሚሰረቅ ነገር ኖሮት!» ብለው ሳቃቸውን ለቀቁት። ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው «ምን ይገርማል፣ የገዛ መነጽርዎን ራስዎ ደብቀው እኛን ሲያፋጥጡን አይደል የኖሩት!» ሲሏቸው ጭራሽ በሳቅ የወፎቹን እህል ደፉት። ከዚያ እስክሪብቶ ተቀብለውኝ ከያዝኩት ዝርዝር ላይ እያንዳንዷን ሐጂ በገዛ እጃቸው ሰረዙ። «ሐጄ የተጻፈበት ሌላ ቦታ አለ፤ እዚያ ነጠላ ሰረዝ አይቆጥሩም» አሉኝ። ለአርታኢዋም «ሰራቂውም ተሰራቂውም እኔ ነኝ፤ ታርቀናል» ብለው ጽፈው ፈረሙ።

ትናንት መልሱ መጣ። ተቀበሉት፣ እማዬ! ተቀበሉት! እንዴት እንደጮህኩ አልነግርሽም፤ የሕንጻው ዘበኛ እባብ የገባ መስሎት ዱላ ይዞ መጣ። ፕሮፌሰሩ ለሁላችንም በስንጥር የተሰካ የፍየል ሥጋ፣ ሳቴ አስጠበሱ፤ ያቺ አላየሁም አልሰማሁም ያለችው ሩክሚም «አብረን ነው የለፋነው» እያለች ከማንም በላይ በላች። የምረቃው ቀን ጃንዋሪ ላይ ነው። ኮርቻለሁ፣ ለአንቺ ምን እደብቃለሁ። ወገብሽ እስኪጎብጥ የሠራሽለት ነገር ከዳር ደረሰ።

አያቴ ሰላም ብላሻለች፤ «ጉጉት ሟርት ነው ስላት ጉጉት ዶክተር አደረገቻት» እያለች ለመንደሩ ሁሉ ታወራለች። ባግዮ ክፍልሽን ቀለም ቀብቶ እጅሽን ሊስም ይጠብቃል፤ ቀለሙን አይተሽ እንዳትቆጪው፣ ታናሽ ወንድሜ ዓይኑ እንዲያ ነው። አጎቴ ዳርሞና ሚስቱም ናፍቀውሻል። እዚያ ያለችውን ጓደኛሽን ዋቲናን ሳሚልኝ። የአባባ ሊንን ልጅ ስለ ደግነቷ አመስግኝልኝ። አባባ ሊንንም እጃቸውን ይዘሽ ሰላም በያቸው፤ አላህ ጤናቸውን ይመልስላቸው። ወረቀቱን ሲያቀርቡልሽ ግን ብዕሩን እንዳትነኪው። «ልጄ ጨርሳለች፣ ቤቴ ልገባ ነው» በያቸው።

ልጅሽ ጊያርቲ
ዮግያካርታ፣ ኖቬምበር 15 ቀን 2019