አሥር በአሥር ስምንት ነው ላላችሁን ክቡራን

ለተከበረው የፕሮግራም ቋንቋችን ሕግ አውጪ ኮሚቴ፣

ክቡራን ሆይ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እናንተም ቤተሰባችሁም ደኅና እንደሆናችሁ፣ ቧንቧችሁም ሳያቋርጥ እንደሚወርድ ተስፋ አደርጋለሁ። የእኛው ደርቆ ስለነበር የሚከተለውን ምስጋና ለማቅረብ እገደዳለሁ።

፩. ሌላው ዓለም በኮምፒውተር የሒሳብ ሠንጠረዡ ላይ ቁጥርን በራሱ ለማባዛት የሚጠቀምባትን ^ የተባለች ቆብ መሳይ ምልክት፣ እናንተ በኮምፒውተሩ ሆድ ያሉትን ዜሮና አንዶች ለማነጻጸር ስላዋላችኋት እጅ እንነሳለን። በውኃ አገልግሎት መሥሪያ ቤታችን ፕሮግራመር የነበረችው ታናሽ እህቴ የታንከሩን መጠን የሚያሰላውን ቀመር ከሠንጠረዡ ላይ እንዳለ ወደ ቋንቋችሁ ገለበጠችው። የታንከሩ ወገብ ከመሐል እስከ ጠርዝ አሥር ሜትር ነው። አሥር በአሥር መቶ መሆኑን የአራተኛ ክፍል ተማሪም ያውቃል፤ በእናንተ ሕግ ግን 10^2 ስምንት ሆኖ ቁጭ አለ። ፓምፑም ታንከሩ ከመቶ ስምንት እጁ ብቻ ሲሞላ ሞልቷል ብሎ ጠፋ፤ ከታንከሩ ውኃ የሚያገኘው ሆስፒታል አዋላጅ ነርሶችም ጀሪካን ተሸክመው የወሊድ ክፍሉን ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ ዋሉ።

፪. አንዲት ቅንፍ ስትረሳ አገር ይያዝልኝ የሚለው ቋንቋችሁ ይህን ሲያይ ትንፍሽ አላለም። ስለ ጨዋነቱ እናመሰግናለን።

፫. ኔጌቲቭ ሦስት በራሱ ይባዛ ተብሎ -3^2 ሲጻፍ ሠንጠረዡ ዘጠኝ፣ ጎረቤታችሁ ቋንቋ ደግሞ ኔጌቲቭ ዘጠኝ ይላል። ማባዛቱ ይቅደም ወይስ የኔጌቲቭ ምልክቱ መስማማት ሲያቅታችሁ ቅንፍ ተጠቀሙ ብላችሁ መከራችሁን፤ እግዜር ይስጥልን።

፬. ይህንን እንኳን በትሕትና መጻፍ አልቻልኩም። እህቴ ግድየለሽ ተብላ ከሥራ ታግዳለች። እናታችን ጎረቤት በጠየቃት ቁጥር ልጄ ፈቃድ ላይ ናት እያለች ትዋሻለች። ተናድጃለሁ፣ በጣም ተናድጃለሁ። ምልክቷን እንዲህ ያደረግናት እኛ ነን የሚል አንድ መስመር ለዲሲፕሊን ኮሚቴያችን ብትጽፉ ምን ይጎድልባችኋል?

ከወንበራችሁ ሳትነሡ ዕድሜ እንድትጠግቡ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና ከዚያ በሚበልጥ ንዴት፣

የታገደችው ፕሮግራመር ታላቅ ወንድም፣
ከፓምፕ ጥገና ክፍል

ማሳሰቢያ፦ በእህቴ ወንበር የተቀመጠው የሥራ አስኪያጃችን የሚስት ወንድም በገባበት ሳምንት ያችኑ ምልክት ጽፎ ውኃውን በድጋሚ አቋረጠው። የዲሲፕሊን ኮሚቴውም መመሪያችሁን ገልጦ ከመረመረ በኋላ ጥፋቱ የቋንቋው እንጂ የሠራተኛው አይደለም ሲል በሙሉ ድምፅ ወስኗል። የእህቴ እገዳ ግን እንደጸና ነው።