የአባትህን ካምቢዮ አትንካብኝ

ለምወድህ ልጄ፣

ሰላምታዬ ከኮኮሞ ተነስቶ ዴንቨር ድረስ ይድረስህ። እንዴት ነህ? ሚስትህን ወገቧን ተሻላት? ልጆቹስ ትምህርት ጀመሩ? እዚህ በቆሎው ደርሷል፤ ዝናቡ ግን ልክ አጥቷል። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ ደስ ብሎኛል ማለቴ አይደለም። ተናድጃለሁ፤ የተናደድኩትም በአንተ ነው።

«የአባቴን መኪና አሳምሬ እመልስልሻለሁ» ብለህ በጭነት መኪና ስታስወስደው፣ ቀለም ሊቀባ መስሎኝ መርቄህ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሃስኬል የሚባለው የፎርት ዌይኑ መካኒክህ ደወለልኝ። «እናቴ፣ የመኪናው የድሮ ካምቢዮ ጎተራ ውስጥ አለ ብሎኛል ልጅዎ፤ መጥቼ ልውሰደው?» አለኝ። ለምን ስለው፣ አውቶማቲኩን አውጥቶ ባለፍሪሲዮኑን እንዲመልስ አንተ እንዳዘዝከው ነገረኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ጎረቤቴ ኧርሊን በመኪናዋ ፎርት ዌይን ጋራዡ ድረስ ወሰደችኝ። ሃስኬል እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣና «ይሄ ካምቢዮ የዚህ ፖንቲያክ አይደለም፤ ከሬሳ መኪና የተነቀለ ነው። ልጅዎ የሚያስገባበት የድሮ መኪኖች ውድድር ዳኞች ቢያዩት ይስቁበታል» አለኝ።

«ከየት እንደተነቀለ አውቃለሁ። ሲነቀል ባትሪ ይዤ ያበራሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

«አይቆጡ እንጂ እናቴ» ሲለኝ፣ «እናትህ አይደለሁም! ብሆንማ በጥፊ ነበር የማናግርህ» አልኩት። ኧርሊን ሳቋን መያዝ አቃታት።

ዳኞቹ ይስቃሉ አለኝ! ምኑ ነው የሚያስቀው? እነሱስ አያውቁም እንበል፤ አንተ ግን የአባትህ የሜርል ልጅ ነህ። ደግሞስ አንተም የምታውቀው ሰው ሠራሽ እግሩን ብቻ ነው። አባትህ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ያን ጊዜ አንስቶ አያወራም ነበር፤ ስለዚህ እኔ ልንገርህ።

መኪናውን የገዛው ቬትናም ከመሄዱ በፊት ነው። ሲመለስ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። ፍሪሲዮን ደግሞ የሚረገጠው በግራ እግር ነው። መኪናው ጎተራ ገባ፤ አባትህ በረንዳ ላይ ተቀመጠ። ሰው ሲመጣ ፊቱን ያዞራል፤ ምግብ ሳቀርብለት ቀዝቅዞ ይነሳል። አንድ እሁድ «ተነስ፣ እንሂድ» አልኩት። እሱ መሪውንና ማርሹን ያዘ፤ እኔ ጎኑ ተለጥፌ እግሬን ወደ እሱ ዘርግቼ ፍሪሲዮኑን ረገጥሁለት። «አሁን!» ሲለኝ እረግጣለሁ፤ «ልቀቂ!» ሲለኝ እለቃለሁ። መብራት ላይ ሞተሩ ጠፋብንና ከኋላችን ጥሩምባ ሲያንባርቁብን፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ስንደንስም እንዲሁ ነበር የምትረግጪኝ» አለኝና ሳቀ። ከተመለሰ ወዲህ መጀመሪያ የሳቀው ያን ቀን ነው።

ግን ደግሞ ኩሩ ነበር። «ዕድሜ ልኬን እግር እየተዋስኩ አልነዳም» ብሎ አውቶማቲክ ፍለጋ ገባ። መጀመሪያ ያስገባው ባለሁለት ማርሽ ነበር፤ የዚያን ሞተር ጉልበት አልቻለም፤ በጋው ሳያልቅ ተቃጠለ። ቀጥሎ ከሸቭሮሌት የተነቀለ አመጣ፤ የብሎን ቀዳዳው ከፖንቲያኩ ሞተር ጋር አልገጥም አለ። ክረምቱን ሙሉ በዱላ እየተደገፈ የአሮጌ መኪና መጣያ ለመጣያ ዞረ። በመጨረሻ ያገኘው የተጋጨ የሬሳ መኪና ነው፤ ካዲላክ። ከባድ መኪና ስለሚጎትት ጠንካራ ነው፤ ቀዳዳውም ገጠመ። ርዝመቱ ስለተለየ፣ ወደ ኋላ ጎማ ጉልበት የሚያደርሰውን ዘንግ አስቆርጦ አስበየደው።

ገጠመ ማለት ግን ተስማማ ማለት አይደለም። ማርሹን ያለ ጊዜው እየቀየረ መኪናው ያዘግም ነበር። «አሁንም ሬሳ የጫነ መስሎታል» ይል ነበር አባትህ። ማርሽ የሚቀየርበትን ሰዓት የሚወስነውን ክፍል እየፈታ ክብደቱንና ሞላውን እየለዋወጠ ከሞተሩ ጋር አስማማው። ከዚያ ለብቻው ነዳ። በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ሲመለስ ፊቱ በእንባ ርሷል። «የት ሄድክ?» ስለው «የትም። ዝም ብዬ ነዳሁ» አለኝ። አንተን ልወልድ ሐኪም ቤት የደረስኩት በዚያ ካምቢዮ ነው።

እና አንተ በሃስኬል አፍ «ለመኪናው የሚገባው አብሮት የተፈበረከው ነው» ትለኛለህ! አብሮት የተፈጠረውን እግሩንስ ከየት ልታመጣለት ነው? ለማያውቁን ሰዎች ፍርድ ብለህ የአባትህን ሥራ እንደ ጉድፍ ልታስነቅል? አፍሬብሃለሁ ልጄ።

ሃስኬል ገና ብሎኖቹን መፍታት መጀመሩ ነበርና እላዩ ላይ ቆሜ መልሶ እንዲያጠብቃቸው አደረግሁ። «ልጅዎን ምን ልበለው?» አለኝ። «እናትህ ወሰደችው በለው» አልኩት።

ከፎርት ዌይን እስከ ቤቴ ራሴ ነዳሁ። ኧርሊን ግራ እግሬን በእጇ አንስታ አስገባችልኝና በመኪናዋ ተከተለችኝ፤ ከሚያዝያ ወዲህ ግራ እግሬ ስለማይታዘዘኝ እንደዚያ ነው የምንሳፈረው። ካምቢዮው አንዴም አላንገራገረም።

ፈጣሪ ቤትህን ይጠብቅልህ፤ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፤ የሚስትህን ወገብ ያጽናላት። ቁጣዬ ሲበርድ ሳይሆን አሁኑኑ ና፤ መፍቻ ግን ይዘህ እንዳትመጣ።

የምትወድህና የተቆጣችህ
እናትህ